የወዲያኛው እብጠት

በከተማው ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ እሷን ባያውቅ እንቁራሪቷን ያውቃል። ሆዷ ተከፍቶ በጀርባዋ የተጋደመች፣ አራት እግሯ በመርፌ የተወጠረ፣ ልቧና ጉበቷ በየቀለማቸው የተለዩ እንቁራሪት። ሠዓሊዋ ገና ወጣት ሳለች ለሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ የሣለቻት ናት። መጽሐፉ ስንት ጊዜ ተቀያየረ፤ እንቁራሪቷን ግን ከቦታዋ ያነሣት የለም። ሴትዮዋ ባንክ ቤት ወረፋ ስትይዝ፣ ክሊኒክ ካርድ ስታወጣ፣ ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት ስትናገር፣ «ውይ! የእንቁራሪቷ ሠዓሊ አንቺ ነሽ እንዴ?» ይሏታል። እያደር «ሠዓሊ» የሚለው ቀረና እሷው ራሷ «እንቁራሪቷ» ሆና አረፈችው። በመጀመሪያው ሰሞን ትስቅ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ልብና ሳንባ፣ የአበባ እንቡጥ፣ የእሳተ ገሞራ ሆድ ዕቃ ስትስል የኖረች ሴት በአንዲት በተጋደመች እንቁራሪት መጠራቷ ግን ውሎ አድሮ ቆሽቷን ያሳርራት ጀመር።

የምትሠራው በአንድ ማተሚያ ቤት የመማሪያ መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የመስኮቱ አንዱ ክንፍ አይዘጋም፣ ሌላው አይከፈትም። ባልደረቦቿ ወደ ኮምፒውተር ከተሻገሩ ቆይተዋል። እሷ አሁንም በብሩሽና በቀለም ትሠራለች፤ ከዚያ ሥዕሉ በማሽን ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። አለቆቿ ይህን የሚታገሡት ለዓይኗ ብለው አይደለም፤ ሥዕሏ ስህተት ስለማይገኝበት ነው። ስህተት የማይገኝበትም በአንድ ግትር አመሏ የተነሣ ነው። ያልገባትን ነገር አትስልም። ኩላሊት ሳዪ ሲሏት ሥጋ ቤት ሄዳ ኩላሊት ገዝታ ለሁለት ሰንጥቃ ታያለች። የውኃ ፓምፕ ሳዪ ሲሏት የሰፈሩን ቧንቧ ሠራተኛ ቁም ስቅሉን ታሳየዋለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አርታኢዋ መጣች። አርታኢዋ ወጣት፣ ፈጣን፣ ስልኳ ከእጇ የማይወርድ ልጅ ናት።

«እትዬ፣ ለአዲሱ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሁለት ሥዕል ብቻ ነው የምፈልገው። አንዱ የባሕር ሞገድ እንዴት እንደሚነሣ፣ አንዱ ደግሞ ባሕር ለምን እንደሚሞላና እንደሚጎድል። ከባድ አይደለም።»

ሠዓሊዋ ብሩሿን አስቀመጠች። በሥራ ዘመኗ «ከባድ አይደለም» ከተባለ ሥራ በሰላም የወጣችበት ጊዜ ትዝ አላላትም። ደግሞም ባሕር አይታ አታውቅም። ባሕሩ ከከተማው የግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እሄዳለሁ እያለ ሳይሄድ ያረጃል።

የመጽሐፉን ያንን ምዕራፍ የጻፉት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ፕሮፌሰር ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ጉድለታቸው አንድ ነው፦ እሳቸው የሚያውቁትን ነገር ሌላው ሰው እንዴት ሳያውቀው እንደኖረ አይገባቸውም። ሠዓሊዋ ቢሯቸው ሄደች። ከወንበር ላይ የመጽሐፍ ክምር አንሥተው አስቀመጧት።

ሞገዱ ብዙም አላስቸገረም። «ነፋስ የውኃውን ገጽ ይታከከዋል» አሉ ፕሮፌሰሩ። «መጀመሪያ ትንንሽ ሽብሽብ ይወጣል። ነፋሱ ሽብሽቡን ከኋላው እየገፋ ያሳድገዋል። ነፋሱ በበረታ፣ በቆየ፣ የሚሮጥበትም ሜዳ በሰፋ ቁጥር ሞገዱ ይገዝፋል።»

«ውኃው ከመሐል ባሕር ተነሥቶ እስከ ዳር ይመጣል ማለት ነው?»

«የለም፣ የለም! ውኃው አይሄድም። የሚሄደው ሞገዱ ነው። ውኃው ባለበት ክብ ዞሮ ወደ ቦታው ይመለሳል።»

ይኼ ነገር እንቆቅልሽ ሆነባት። ቤቷ ገብታ የአልጋ አንሶላ ገፈፈችና አንዱን ጫፍ ለእናቷ አስያዘቻቸው። እናቷ ጆሯቸው ትንሽ የከዳቸው፣ ዓይናቸውና እጃቸው ግን እንደ መርፌ የሆነ ልብስ ሰፊ ናቸው።

«ወጥረሽ ያዢልኝ እማዬ!»

«ምን ልሁንልሽ?»

«ያዢ ብቻ!»

አንሶላውን አንዴ ወደ ላይ ናጠችው። ጉብታው ከእጇ ተነሥቶ እየሮጠ ሄዶ የእናቷን እጅ መታ። አንሶላው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ደገመችው፤ ሠለሰችው።

«አንሶላውን ልትቀጂው ነው!» ብለው እናቷ ጮኹ። «ልጅ ሆነሽ ያልተጫወትሽውን አሁን ልትጫወቺ?»

ሥዕሉን በዚያው ሳምንት ጨረሰችው። አንዲት የባሕር ወፍ ውኃ ላይ ተቀምጣለች፤ ሞገዱ በሥሯ ሲያልፍ ከፍ ብላ ወደፊት፣ ዝቅ ብላ ወደኋላ፣ ክብ ሠርታ እዚያው ቦታዋ ላይ ትገኛለች። ዳርቻው ላይ ደግሞ የባሕሩ ወለል የሞገዱን እግር ሲይዘውና አናቱ ወደፊት ሲሮጥ፣ ደፍ አደናቅፎት በአፍጢሙ እንደሚደፋ ሰው ሲገለበጥ አሳየችበት። ፕሮፌሰሩ ሥዕሉን አይተው በሁለት እጃቸው ጉንጫቸውን ያዙ። «እንዲህ አድርጌ ሠላሳ ዓመት ማስተማር ስችል!» አሉ። ደስ ብሏት ሄደች። ያ ደስታ የመጨረሻዋ ነበር።

ከዚያ የባሕሩ መሙላትና መጉደል መጣ።

«ይሄኛውማ ቀላል ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። ወረቀት ላይ ኳስ ሣሉ፤ ዙሪያውን ውኃ አለበሱት፤ ራቅ አድርገው ጨረቃን አኖሩ። በጨረቃ በኩል ያለውን ውኃ አሳበጡት። «ጨረቃ ውኃውን ወደ እሷ ትስበዋለች። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ቀጥለው ከኳሱ ማዶ፣ ከጨረቃ በተቃራኒው ያለውንም ውኃ አሳበጡት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሁለተኛው ሙላት ነዋ! ምድር በቀን አንድ ጊዜ ስትዞር እያንዳንዱ ዳርቻ በሁለቱም እብጠት ሥር ያልፋል። ለዚህ ነው ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላው፣ ሁለት ጊዜ የሚጎድለው።»

«እሱስ ይሁን። ግን ጨረቃ ያለችው በዚህ በኩል ነው። የወዲያኛውን ማን አሳበጠው?»

«ጨረቃ።»

«ጨረቃ ወደ ራሷ ከሳበችው ወዲህ ይመጣል እንጂ ወዲያ ምን ያስሸሸዋል?»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «በስበቱ ልዩነት ነው» አሉ፤ ከዚያም ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት አንድ ረጅም መስመር ጻፉላት። መስመሩን እንደ ሰው ፊት አተኩራ አየችው። ዓይነ ውኃው አላማራትም።

«ይሄን እንዴት ብዬ ነው የምስለው?»

«ሁለት እብጠት አድርገሽ ነዋ!»

 በሚቀጥሉት ሳምንታት የማተሚያ ቤቱን መጻሕፍት አንድ በአንድ ገለጠች። ሁሉም ውስጥ ያው ሥዕል አለ፦ አንድ ኳስ፣ አንድ ጨረቃ፣ ሁለት እብጠት። በአንዱ ሥር «በተቃራኒው በኩልም እንዲሁ ይሆናል» ይላል። ሌላውም «እንዲሁ» ይላል። ሦስተኛውም። እንዲሁ ማለት ምን ማለት ነው? ጎረቤትሽ ወለደች፣ አንቺም እንዲሁ ይባላል? «እንዲሁ» የምትለዋን ቃል እስክትጠላት ድረስ አነበበቻት። ወደ ፕሮፌሰሩ ተመለሰች፤ እሳቸውም ያንኑ መስመር፣ አሁን ግን በትልልቁ ጻፉላት። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ።

አርታኢዋ በየቀኑ ትመጣለች። «እትዬ፣ ምን ነካሽ? ከድሮው መጽሐፍ ላይ ገልብጪውና እንገላገል።»

«ያልገባኝን አልገለብጥም።»

«ማን ይጠይቅሻል?»

«እኔው ራሴን እጠይቃለሁ!» አለች፤ ድምጿ ከልኩ በላይ ወጥቶ ከአጠገብ ክፍል ሰው አንገቱን አውጥቶ አየ።

በዚያው ሳምንት በዕረፍቷ ቀን በጠዋት ተነሥታ ወደ ባሕሩ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዘች። በዓይኔ ካየሁት ይገባኛል ብላ ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ መንገዱን ሙሉ ትከሻዋ ላይ ተኛባት። እኩለ ቀን ሲሆን ደረሱ። ከአውቶቡስ ወርዳ፣ የዓሣ ሽታውን ተከትላ፣ በመጋዘኖች መሐል ያለውን ጠባብ መንገድ ጨርሳ ብቅ ስትል፣ ባሕር የለም።

ጭቃ ነው። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ የሚያብለጨልጭ ጭቃ፤ በላዩ ላይ ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመዋል። የመልሕቃቸው ሰንሰለት ደረቅ መሬት ላይ ተዘርግቷል። በጣም ሩቅ፣ ከሰማዩ ሥር፣ አንዲት ቀጭን የብር ክር የመሰለች ነገር ትታያለች።

ዳር ላይ ዓሣ የምትሸጥ ሴት በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትገፍፋለች።

«እህቴ፣ ባሕሩ የት ነው?»

«ሄዷል» አለች ሴትዮዋ፣ ቀና ሳትል።

«መቼ ይመጣል?»

«ወደ ማታ ገደማ ነው። ጠዋት ቆሞ የነበረው እዚህ ነው፤» ብላ በቢላዋዋ ጫፍ ከእግሯ ሥር ያለውን እርጥብ ድንጋይ አሳየቻት። «ትናንት ከዛሬው ቀደም ብሎ ነበር። ነገ ደግሞ ከዛሬው ይዘገያል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ያህል ወደኋላ ይላል።»

«ለምን?»

«ጨረቃዋም በየቀኑ ዘግይታ አይደል የምትወጣው? እሷን ተከትሎ ነዋ።»

«እሺ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላውስ ለምንድን ነው? ጨረቃ አንድ ናት።»

ሴትዮዋ አሁን ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እሱን እኔ በምን አውቄ? ዓሣ ትገዣለሽ?»

ሁለት ዓሣ ገዛችና ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። ፀሐዩ ናላዋን አዞረው። የመጨረሻው አውቶቡስ ሊነሣ ሲል ብቻ ያቺ የብር ክር ወፈር ማለት ጀመረች። ውኃው እንደጠበቀችው እየጋለበና እያገሳ አልነበረም የመጣው፤ ድምፁን አጥፍቶ፣ በጭቃው ቦይ ቦይ እየተሹለከለከ፣ ሰው ቤት በጓሮ በር እንደሚገባ ዓይነት ነበር። «ተሳፋሪ!» ሲል ረዳቱ ተጣራ። በአውቶቡሱ መስኮት አንገቷን አጣምማ ስታይ ውኃው የመጀመሪያዋን ጀልባ ነክቷት ነበር። ጀልባዋ ስትነሣ ሳታይ መንገዱ ታጠፈ።

«ባሕሩን አየሽው?» አሏት እናቷ ቤት ስትገባ።

«የለም።»

«ምን?»

«የለም አልኩሽ! ወጥቶ ነበር!»

«ታዲያ መጣሁ ሳትዪው ሄደሽ ምን ይሁን?» አሉና ዓሣውን ተቀበሏት።

ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ኳስ ትስላለች፤ ትቀደዋለች። ጎረቤት ሰላም ሲላት አትሰማም። ባለቤቴ ቢኖር ኖሮ ያብድልኝ ነበር ትላለች ለራሷ፤ ባለቤቷ ከሞተ ቆይቷል። በጣም ያናደዳት ደግሞ ነገሩ የሞኝ ጥያቄ ይሁን ከባድ ጥያቄ መለየት አለመቻሏ ነው። ሞኝ ከሆነች አንድ ሰው ሞኝ ነሽ ብሎ ቢገላግላት ትወድ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቷ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ወገብ ላይ ያረጀውን ላስቲክ አውጥተው አዲስ ሊያስገቡ ተቀምጠዋል። አዲሱን ላስቲክ በኖራ ምልክት አድርገውበታል፤ አንድ ነጥብ ከጫፉ፣ አንድ ከመሐሉ፣ አንድ ከሌላው ጫፍ። ልካቸውን ሊያዩ አንዱን ጫፍ ሳቡት፤ ሌላውን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ ላላ አድርገው ይዘውታል። ሠዓሊዋ በር ላይ ቆማ ታያለች። ላስቲኩ ወደ እናቷ ቀኝ ሄደ። ሦስቱም ነጥቦች ወደ ቀኝ ሄዱ። የፊተኛው ግን ብዙ ሄደ፣ መካከለኛው ትንሽ ሄደ፣ የኋለኛው ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ፣ እየተጎተተ ሄደ።

«እማዬ፣ አትንቀሳቀሺ!»

«ኧረ ምን ሆንሽ?»

«እንደገና ሳቢው። ቀስ ብለሽ።»

እናቷ ሳቡት። ሠዓሊዋ ተንበርክካ ጣቷን መካከለኛው ነጥብ ላይ አድርጋ አብራው ሄደች። ከመካከለኛው ነጥብ ሆና ስታየው፣ የፊተኛው ወደፊት ጥሏት ሄደ፤ የኋለኛውም ከእሷ ርቆ ወደኋላ ቀረ። በሁለቱም በኩል ራቁ! ማንም ወዲያ የገፋ ሳይኖር፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተስበው ሳለ፣ ሁለቱም ጫፍ ከመሐሉ ራቀ።

የፊተኛው ነጥብ ለጨረቃ የቀረበው ውኃ ነው፤ አብዝታ ትስበዋለች። መካከለኛው ምድር ራሷ ናት፤ ያነሰ ትሳባለች። የኋለኛው ከሁሉ የራቀው ውኃ ነው፤ ከሁሉ ያነሰ ይሳባል። የወዲያኛው እብጠት የሸሸ ውኃ አይደለም። ወደኋላ የቀረ ውኃ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የደስታ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ይልቅ አንድ ሰው ለሳምንታት ሲስበው የኖረው በር ኋላ ወደ ውስጥ የሚገፋ መሆኑን ሲያውቅ እንደሚይዘው ዓይነት ንዴት ነበር። ይህችን አንዲት ነገር የጻፈ አንድም መጽሐፍ ይጥፋ?

«ላስቲኩን አበላሸሁብሽ?» አሉ እናቷ ደንግጠው።

በማግሥቱ ለፕሮፌሰሩ ነገረቻቸው። ካዳመጧት በኋላ ጠረጴዛቸውን መቱ። «ልዩነት ያልኩሽ እኮ ይሄንኑ ነው!»

«ያሉኝማ ብለውኛል» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«እርግጥ ፀሐይም ትስባለች። ከጨረቃ ጋር በአንድ መስመር ሲሆኑ ሙላቱ ይበረታል፤ አንዷ ከፊት አንዷ ከጎን ስትሆን ይለዝባል። ደግሞ የባሕሩ ወለል፣ የዳርቻው ቅርጽ…»

«ፕሮፌሰር፣ እባክዎን። አንድ ገጽ ነው የተሰጠኝ።»

ሥዕሉን ስትሠራ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አድርጋ አታውቅም። ምድር መሐል ላይ፤ ሦስት ቀስቶች ወደ ጨረቃ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ አጭር። በፊት በኩል እብጠት፣ በኋላ በኩል እብጠት። ከሥሩ በአንድ መስመር፦ «የቀረበው ቀደመ፤ የራቀው ቀረ።» ፕሮፌሰሩ ፈረሙበት። አርታኢዋ እልል ማለት ቀራት። ሥዕሉ በማሽን ተነሥቶ ሄደ።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ሠዓሊዋ ገጹን ገለጠች። ሞገዱ አለ፣ ወፏ አለች። ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። ምድር አለች፣ ጨረቃ አለች፣ የፊተኛው እብጠት አለ። የወዲያኛው የለም። ከመሐል ጀምሮ ተቆርጦ በቦታው «የመልመጃ ጥያቄዎች» የሚል ቢጫ ሣጥን ገብቷል። የመልመጃው የመጀመሪያ ጥያቄ «ባሕር በቀን ስንት ጊዜ ይሞላል? ለምን?» ይላል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ገጽ የሚያቀናብረው ልጅ ኮምፒውተሩ ፊት ዳቦ ይገምጣል።

«ማን ቆረጠው?»

«የቱን?»

«ይሄን! ሆዱን! ግማሹን!»

ልጁ መጽሐፉን አየ። «አ፣ እሱን ነው? ቦታ ጠበበኝ። ያኛው በኩል ያው ይሄኛውን የሚመስል ስለሆነ ድግግሞሽ መስሎኝ…»

 አርታኢዋ በሩጫ ደረሰች። «እትዬ፣ ተረጋጊ። ሁሉም ታትሟል። በጭነት መኪና ወጥቷል። በሁለተኛው እትም እናስተካክለዋለን።»

«ሁለተኛው እትም መቼ ነው?»

አርታኢዋ ስልኳን አየች። 

ሠዓሊዋ ለኃላፊው ጻፈች፤ ለኃላፊው ኃላፊ ጻፈች። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ሰፈሯ ያለው ትምህርት ቤት መጽሐፉን መጠቀም ሲጀምር ግን ከዚያ በላይ መቻል አቃታት። የትምህርት ቤቱ አጥር ግንብ ከውጭ በኩል ባዶ ነው፤ ቀለሙ ተልጦ እንደ ካርታ ሆኗል። ርዕሰ መምህርቷ ዘንድ ገባችና፣ «ግንቡን ስጪኝ» አለቻት።

«ምን ልታደርጊው?»

«እዚህ ላይ ማንም አይቆርጥብኝም።»

ርዕሰ መምህርቷ ሴትዮዋን ገና ሳታስጨርስ ፈቀደች። ቀለም ግን መጋዘን ውስጥ ያለው አረንጓዴ ብቻ ነው፤ የወንበር እግር የተቀባበት። ሠዓሊዋ አረንጓዴ ባሕር አልስልም ብላ ሰማያዊውን ከየትም አመጣች። በእረፍት ቀኖቿ መሰላል ላይ እየወጣች፣ ምድርን በቁመቷ ልክ አደረገች፤ ሁለቱንም እብጠት ሣለች። አላፊ አግዳሚው «እንቁላል ነው?» ይላታል። «ዓይን ነው?» ይላታል። አንዱ ደግሞ የሳሙና ማስታወቂያ መስሎት ዋጋ ጠየቃት።

ጨረቃን ልትስል ስትል ፕሮፌሰሩ ሊያዩ መጡ። ከግንቡ ፊት ቆመው አደነቁ። ቀጥለው አንገታቸውን ዘመም አደረጉ። ይህን አልወደደችውም።

«ምንድን ነው?»

«የለም፣ ግሩም ነው። ጨረቃን እዚህ ልታደርጊያት ነው?»

«አዎ።»

«ምድር በቁመትሽ ልክ ከሆነች ጨረቃ…» ብለው ቀና አሉና ግንቡን በዓይናቸው ተከትለው፣ ግንቡን አልፈው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ ጎማ የሚጠግነውን የጎሚስታውን ባለሁለት ክንፍ የብረት በር በጣታቸው አሳዩ። «እዚያ ናት የምትውለው። መጠኗም የአንድ ትልቅ ትሪ ያህል ነው። በመጽሐፍ ገጽ ላይ አጠገቧ እናስጠጋታለን እንጂ እውነቱ ይሄ ነው። እብጠቱም ቢሆን በልኩ ቢሣል በዓይን…»

«ፕሮፌሰር፣ በቃ!»

እሳቸው ደንግጠው አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። እሷም መጮኋ አሳፍሯት ከመሰላሉ ወረደች። ነገር ግን ያሉት ጆሮዋ ገብቶ ነበር፤ ካወቀች በኋላ ጨረቃን እዚህ አጠገብ መለጠፍ አልሆንልሽ አላት። ብሩሿን ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

ጎሚስታው እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር የሆነ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ጨረቃ በሩ ላይ ልትስልበት እንደምትፈልግ ሲሰማ ሣቀ፤ ከዚያ አሰበበት። «ግዴለም እትዬ። ግን ከሥሯ ‹ጎማ ይለጠፋል፣ ይነፋል› ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ከጨረቃ ሥር?»

«ታዲያ ባዶውን?»

ሠዓሊዋ ግንባሯን በእጇ ይዛ ቆየችና እሺ አለች። በጥሩ ፊደል፣ በቀይ ቀለም ጻፈችለት። ጨረቃዋ አማረች፤ ጠባሳዋና ጥላዋ ሳይቀር ተለይቶ ወጣ። ርዕሰ መምህርቷ ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹን ሰልፍ አስይዛ አወጣቻቸው። ሠዓሊዋ ከግንቡ ፊት ቆማ፣ ሁለቱን እብጠት አሳይታ፣ የቀረበውንና የራቀውን አስረድታ ስትጨርስ፣ «አሁን ዞር በሉና ጨረቃን ተመልከቱ» አለች።

ልጆቹ ዞር አሉ። ጎሚስታው ሱቁን ከፍቷል። የብረቱ በር ወደ ውስጥ ተገፍቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ በበሩ ፋንታ የጎማ ክምር ይታያል።

«የታለች?» አለች አንዲት ልጅ።

ሠዓሊዋ መንገዱን ሳታይ ተሻገረች፤ አንድ ታክሲ ጡሩምባውን ነፋባት።

«ወንድሜ! ጨረቃዋ የለችም እኮ!»

«አለች እንጂ፣ እትዬ። ከውስጥ ናት» አለ ጎሚስታው ጎማ ውኃ ውስጥ እየደፈቀ። «ደግሞስ ጨረቃ ቀን ቀን ምን ትሠራለች? የማታ ናት።»

ጨረቃ በቀንም ሰማይ ላይ እንደምትውል፣ ብትታይም ባትታይም ውኃውን መሳቧን እንደማታቋርጥ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን አንድ የጭነት መኪና ጎማው ፈንድቶ እያነከሰ መጣና ጎሚስታው ክሪኩን አንሥቶ ሄደ። ከመንገዱ ማዶ ተማሪዎቹ መሳሳቅ ጀምረዋል። ርዕሰ መምህርቷ ቆማ ትጠብቃለች።

ሠዓሊዋ ጎሚስታውን ጠበቀችው። መኪናውን ሸኝቶ ሲመለስ እዚያው ቆማ አገኛት። ተጨቃጨቁ። እሱ በሩ ካልተከፈተ ደንበኛ አይገባም አለ፤ እሷ በሩ ተከፍቶ ከዋለ የጻፈችለትን ማስታወቂያም የሚያነበው የለም እኮ አለችው። ይሄ ገባው። በመጨረሻ አንዱን ክንፍ፣ ጨረቃዋ ያለችበትን፣ ዘግቶ ሌላውን ብቻ ሊከፍት ተስማሙ።

የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም እስካሁን አልወጣም። ጎሚስታው ቃሉን ይጠብቃል፤ ትልቅ መኪና ሲመጣበት ግን ሁለቱንም ክንፍ ይከፍታል፤ ጨረቃም ትገባለች። ሠዓሊዋ በመንገዱ ስታልፍ ይህን ካየች ቆማ ትጠብቃለች፤ መኪናው እስኪወጣ፣ በሩም እስኪዘጋ ድረስ አትሄድም።